«ሶብር አድርጉ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሐምሌ 27 ቀን 2007፣ ሰኞ ዕለት፣ በመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴያችን አባላትና አብረዋቸው በተከሰሱ ወንድሞች ላይ የቅጣት ውሳኔው ተነገረ። 18 ሰዎች፣ ከ7 እስከ 22 ዓመት። ኡስታዝ አቡበከር አሕመድ፣ ኡስታዝ አሕመዲን ጀበል፣ ኡስታዝ ያሲን ኑሩና ወንድም ካሚል ሸምሱ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ወሬው በስልክ አዲሎ ሲደርስ መስጂዳችን ውስጥ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው የተላለፈው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ «ሶብር»። አዛውንቱ «ሶብር» አሉ። እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ሶብር» አሉ። በሩ ላይ ቆመው ጥርሳቸውን ያፋጩ የነበሩ ወጣቶችም «ሶብር ነዋ!» አሉ፤ እነሱ ግን ያሉት እየቀለዱ ነው። በማግስቱ ደግሞ ትግሉን ጠዋትም ማታም ሲኮንኑ የኖሩ ሰዎች መጥተው «እንግዲህ ሶብር ነው የሚያዋጣው» ብለውን ሄዱ።

አንድ ቃል ለአልቃሹም፣ ለተናዳጁም፣ ለፌዘኛውም፣ ዝም ሊያሰኘን ለሚፈልገውም እኩል ካገለገለ አንድ ችግር አለ ማለት ነው። እኛ የመድረሳ መምህራን ነን፤ ሥራችን ቃል ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ችሎቱ ከማተት ይልቅ ስለዚህች ቃል መነጋገር መረጥን።

አስቀድመን ግን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። በ2004፣ ነገሩ ገና ሲጀመር፣ አንድ የመድረሳችን ልጅ ትምህርት አቋርጦ ጠየቀን። «ኡስታዝ፣ የአወሊያ አስተማሪዎች ምን አጥፍተው ነው የተባረሩት?» አለ። ያኔ ፈርተን ነበር፤ የሚሰማ ጆሮ ይኖራል ብለን። «ሶብር አድርግ፣ ዝም ብለህ ቅራ» አልነው። ልጁ ዝም አለ። ቃሉን ያስተማርነው በዚያች ቀን ነው፤ ትርጉሙም ዝም ማለት ሆነበት። ዛሬ በር ላይ ቆመው ከሚቀልዱት ወጣቶች አንዱ እሱ ነው። ማንን እንወቅሳለን?

ቃሉ የዐረብኛ ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል ሷድ ነው። ትንንሾቹ ደረሳዎቻችን ሷዱን ሲን ያደርጉትና በአማርኛው «ስበር» ይመስልባቸዋል፤ ይሳሳቃሉ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ የቃሉ ሥር መያዝ፣ መግታት፣ ማሰር ነው። ድሮ ዐረቦች ተይዞና ታስሮ የተገደለን ሰው ሁኔታ የሚገልጹት በዚሁ ቃል ነበር። ዑለማዎች ሶብርን ሲተረጉሙ ነፍስን ከመሸበር፣ ምላስን ከማማረር፣ እጅና እግርን አጉል ነገር ከመሥራት መግታት ነው ይላሉ። ልብ በሉ! ሦስቱም ላይ የሚያዝ ነገር አለ፤ የሚይዘውም ባለቤቱ ነው። ፈረሱ ከሌለ ልጓም ምን ይሠራል? የሚናደድ ልብ የሌለው ሰው ሶብር አደረገ አይባልም፤ አልተሰማውም እንጂ።

በዚያው ሥር የሚጠራ ሌላ ነገር አለ፤ ሶቢር ይሉታል፤ የኛው ሬት ነው። መራራነቱን ለምላሳችን እንጂ ለመዝገበ ቃላት አንተወውም።

አማርኛችንም ድሃ አይደለም። ትዕግሥት አለ፣ ፅናት አለ፣ መቻል አለ። እኛን የሚገርመን የመጨረሻው ነው። እናት ልጇን ቀብራ «ቻልኩት» ትላለች፤ ወዛደርም ኩንታሉን ትከሻው ላይ አውጥቶ «ቻልኩት» ይላል። መሸከምንና አቅም ማግኘትን ሕዝቡ በአንድ ቃል ጠርቷቸዋል። ፅናት ደግሞ ቆሞ መገኘት ነው። ሶብር እነዚህን ሁሉ ይዟል፤ ዝምታ ግን ውስጡ የለም። ዝምታ አንዳንድ ጊዜ የሶብር መሣሪያ ይሆናል፤ በአንዋር መስጂድ ሺህዎች ሁለት እጃቸውን እንደታሰረ ሰው አጣምረው ወደ ላይ ሲያነሱ ድምፅ አላሰሙም፤ ያንን ዝምታ ግን ያልሰማ የለም። የፈራ ሰው ዝምታ ሌላ ነው።

ዑለማዎች ሶብርን ሦስት ቦታ ይከፍሉታል፤ አላህን በመታዘዝ ላይ፣ ከወንጀል በመራቅ ላይ፣ በደረሰ መከራ ላይ። እኛ አገር ኹጥባው ሁሉ ሦስተኛው ላይ ብቻ ይወድቃል፤ እሱም ለታዚያ ብቻ የተሠራ እስኪመስል ድረስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን የሥራ ሶብር ናቸው። በየቀኑ ሱብሒ መነሳት፣ በየሳምንቱ መድረሳ መክፈት፣ ሐቅን ደጋግሞ መናገር፣ ሰው ሲተነኩሰን ድንጋይ አለማንሳት፤ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው።

የነቢዩሏህ ያዕቁብን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ያልሰማ ጀመዓ የለም። ልጃቸው ዩሱፍ በጠፋ ጊዜ ያሉት ያማረ ሶብር ለዘመናት ምሳሌ ሆኗል። የምንረሳው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አልቅሰዋል፤ ዓይናቸው እስኪጠፋ። ሐዘናቸውን ለአላህ አቤት ብለዋል፤ ይህ ከሶብር አላወጣቸውም። ሁለተኛ፣ ከዓመታት በኋላ ልጆቻቸውን ሰብስበው ሂዱና ዩሱፍንና ወንድሙን ፈልጉ፣ ከአላህም እዝነት ተስፋ አትቁረጡ ብለው ልከዋቸዋል። ሶብር አድራጊው አባት ፈላጊም ላኪም ነበሩ። ቤታቸው ቁጭ ብለው «አላህ ያውቃል» ብቻ አላሉም።

ልጃቸው ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ደግሞ የእስረኞች ሁሉ መምህር ናቸው። ባልሠሩት ጥፋት ዓመታትን በእስር አሳለፉ። እስር ቤት ውስጥ ዳዕዋ አደረጉ፤ ሕልም ፈቱ፤ የሚፈታውንም ሰው ለጌታህ ስለ እኔ አንሳለት ብለው ጠየቁት። የሰውየው መርሳት ሌላ ነገር ነው፤ ዩሱፍ ግን ጠይቀዋል። አቤቱታ ማቅረብ ከሶብር ያወጣል የሚል ሰው ይህን ቦታ ደግሞ ይቅራ። በመጨረሻ የንጉሡ መልእክተኛ ኑ ውጡ ብሎ ሲመጣስ? አልወጡም። መጀመሪያ የሴቶቹ ጉዳይ ይጣራ አሉ። ስማቸው ሳይጠራ በሩ ቢከፈት ነፃነት እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።

ይህን ስንጽፍ አንድ ነገር እንዳይረሳ እንፈልጋለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የዩሱፍን ፅናት ሲያደንቁ፣ እኔ ያን ያህል ታስሬ ቢሆን ኖሮ ጠሪው ሲመጣ እሺ ብዬ በወጣሁ ነበር የሚል ትርጉም ያለው ንግግር በትሕትና ተናግረዋል። በሀገራችን እስረኛ የሚፈታበት መንገድ ብዙ ጊዜ የይቅርታ ወረቀት ነው። ነገ ከወንድሞቻችን አንዱ በዚህም ይሁን በዚያ መንገድ ቢወጣ፣ እዚህ አዲሎ ሻይ እየጠጣ «ይሄ ፅናት አጣ» የሚል ሰው እንዳይገኝ። ማዕከላዊ አላደርን፣ ቂሊንጦ አልሰነበትን። ፅናት ራስህ የምትሸከመው እንጂ በሌላው ትከሻ የምትለካው አይደለም። ለዩሱፍ ያለ መውጣት ከፍታ ነበር፤ መውጣት ግን ለማንም ውርደት ነው አልተባለም።

ከሰሃቦች ታሪክ ለዚህ ጉዳይ እጅግ የቀረበው የራሳችን አገር ታሪክ ነው። ሙስሊሞች ከመካ ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ወደ ነጃሺ ላኩ፤ ስደተኞቹን አስረክበን አሉ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ሶብር ብሎ አንገቱን አልደፋም። በንጉሡ ፊት ቆሞ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚያምኑ፣ ለምን እንደተሰደዱ በሥርዓት ተናገረ። አልተሳደበም፣ አልጨመረም፣ አልሸሸገም። ነጃሺም ሰምቶ ፈረደ። ስደተኞቹ ወዲያው አልተመለሱም፤ ጃዕፈርና ጓደኞቹ ወደ መዲና የደረሱት በኸይበር ጊዜ፣ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው፤ አሥር ዓመት የሚያልፍ ጊዜ በዚህች ምድር ቆይተው። ልጆቻችን ሦስት ዓመት ረዘመብን ሲሉ እንሰማ ነበር፤ ረዝሞም ነበር። ጃዕፈር ግን ወልዶ ያሳደገው እዚህ ነበር።

የጃዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) መዲና ከደረሱ በኋላ የገጠማትን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የሙእሚኖች እናት ሐፍሷን ልትጠይቅ ሄዳ ሳለ ዑመር (ረ.ዐ.) ገቡ። ሲያወሩ ዑመር በሂጅራ ቀድመናችኋል፣ ለረሱልም እኛ እንቀርባለን የሚል ነገር ተናገሩ። አስማእ ተቆጣች። እናንተ ከረሱል ጋር ነበራችሁ፣ የራበውን ያበሉላችሁ፣ ያላወቀውን ያስተምሩላችሁ ነበር፤ እኛ ግን በሩቅ አገር ስንፈራ ኖርን አለቻቸው። ይህን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሳልነግር እህልም ውሃም አልቀምስም አለች። ከዚህ በኋላ ያለችው ነው ዋናው፤ ስነግራቸውም አልዋሽም፣ አላጣምምም፣ ከሆነው በላይ አልጨምርም አለች።

ነገረቻቸው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) ለዑመርና ለጓደኞቹ አንድ ሂጅራ፣ ለእናንተ ለመርከቦቹ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ አላችሁ አሏት። ከዚያ በኋላ የሐበሻ ስደተኞች በቡድን በቡድን እየመጡ ይህንኑ ደጋግማ እንድትነግራቸው ይጠይቋት ነበር።

ይህችን ሴት «ሶብር የላትም» የሚላት ማን ነው? አሥር ዓመት በላይ በባዕድ አገር የቻለች፣ ከዚያም የተበደለች ሲመስላት ተነስታ ወደ ሚመለከተው የሄደች፣ ስትናገርም ያልጨመረች ናት። ትግላችን ምን መምሰል እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየት እናመጣለን? «አልጨምርም» የምትለዋን ቃል በተለይ ለወጣቶቻችን እንድትደርስ እንሻለን። በስልክ የሚዞረው ወሬ ሁሉ እውነት አይደለም። በአሳሳ በ2004 የሞቱት ወንድሞች፣ በገርባ በ2005 የወደቁት፣ ለምስክርነት በቂ ናቸው፤ በላያቸው የሐሰት ቁጥር ስንጨምር እውነተኛውን ደም እናረክሳለን። ጥር 28 ቀን 2005 በኢቲቪ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለው ፊልም ሲታይ ምን እንደተሰማን እናስታውሳለን። የተጨመረና የተጣመመ ነገር ምን ያህል እንደሚያም ካወቅን እኛው አንድገመው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። አንድ ሽማግሌ በግልጽ የጠየቁን ነው። «ልጆቼ፣ ይሄ ፅናት ነው ወይስ እልህ?» አሉን። አልተቆጣናቸውም፤ ጥያቄው ትክክል ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም አልመለስም ይላሉ።

እኛ እንዲህ ነው የምንለያቸው። እልኸኛ ሰው ጥያቄው በየቀኑ ያድጋል፤ ትናንት አንድ በሬ የጠየቀ ዛሬ በረቱን ይፈልጋል፣ ነገ ባለቤቱን ካላዋረድኩ ይላል። የኛ ጥያቄ በጥር 2004 ስንት ነበር? ሦስት። የአሕባሽ አስተምህሮ በግዳጅ አይጫንብን፤ የመጅሊስ መሪዎቻችንን በመስጂዶቻችን በነፃነት እንምረጥ፤ አወሊያ ሕዝበ ሙስሊሙ በመረጠው ቦርድ ይተዳደር። በነሐሴ 2007ስ ስንት ነበር? ያው ሦስት ነበር፤ የታሰሩት ይፈቱ የሚለው የተጨመረው ስለታሰሩ ብቻ ነበር። መስከረም 27 ቀን 2005 የመጅሊስ ምርጫ በየቀበሌው ሲካሄድም ሄደን ሳጥን አልሰበርንም፤ ይህ የኛ ምርጫ አይደለም ብለን ቀረን። መንግሥታዊ ሥልጣን አልጠየቅንም። የማንንም ሃይማኖት አልነካንም። ሽማግሌው ይህን ሰምተው «እሱስ እውነት ነው» አሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን የተስማሙ አልመሰለንም። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው፣ እንዲህ የሚጠይቅ ሽማግሌ ያስፈልገናል።

ፅናት ፍሬ አለው ወይ ለሚል ደግሞ አባቶቻችንን እንጠይቅ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ሰልፍ ሲወጡ፣ አብረዋቸው ክርስቲያን ወንድሞችም ወጥተው ነበር። ያኔ ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባለ እንደ እንግዳ የሚጠራበት ዘመን ነው። በቀጣዩ ዓመት ዒዶቻችንና መውሊድ በሀገሪቱ የበዓላት ዝርዝር ገቡ። ዛሬ ልጆቻችን ዒድ ሲመጣ ትምህርት ቤት መዘጋቱ ከአዳም ጀምሮ የነበረ ይመስላቸዋል። ሰው ተሰልፎበት የመጣ መሆኑን አልነገርናቸውም፤ ይህም የኛው የመምህራኑ ዕዳ ነው።

ስለ አዲሎና ስለ አካባቢያችን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። እኛ በከምባታ ምድር ጥቂት ነን። ግድግዳችን ከፕሮቴስታንት ጎረቤት ግድግዳ ጋር ይነካካል፤ ብዙ ቤት ውስጥ አንዱ ወንድም መስጂድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ሐላባና ስልጤ ያሉ ወንድሞቻችን የማያውቁት ዓይነት ሶብር እኛ ጋ አለ። በሚያዝያ 2007 ወጣት ክርስቲያን ወገኖቻችን በሊቢያ በግፍ ሲታረዱ እኛ እስልምናን ተሸክመን ለቅሶ ቤት መግባት ነበረብን። ገባን። «ገዳዮቹ እኛን አይወክሉም» ብለን መግለጫ ከማንበብ በፊት ከጎረቤቶቻችን ጋር ተቀምጠን አለቀስን። በዚያው ወር ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣው የስልክ ጥሪ ሁሉ ያስደነግጥ ነበር፤ ከሆሳዕናና ከከምባታ ከተሞች ልጁን ወደዚያ ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነውና ፍርሃቱ የጋራ ነበር። ከመንግሥት ጋር ያለን ጥያቄ ከጎረቤት ጋር ጠብ እንዲመስል የሚፈልግ ሰው ቢመጣ፣ ምላስንና እጅን መግታት ያኔ ነው። የሶብር አንዱ ቦታው እዚያ ነው፤ መናደድ ሳይሆን መናደድን ወደተሳሳተ በር አለመውሰድ።

እናቶቻችን ይህን ከእንሰት ያውቁታል። እንሰት ዛሬ ተክለኸው ዛሬ አይፋቅም፤ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። በነዚያ ዓመታት ግን ማንም እንሰቱ ሥር ተቀምጦ አይጠብቅም። ከመደብ መደብ ይነቀላል፣ ይተከላል፣ ፍግ ይለብሳል፣ ይኮተኮታል። ከተፋቀም በኋላ ቆጮው ገና ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል። ከተማ ያደጉ ወጣቶቻችን «ጠብቁ» ስንላቸው የሚታያቸው የአውቶቡስ ጥበቃ ነው፤ እናቶቻቸው ግን ሌላ ዓይነት መጠበቅ አለ፣ የሚያደክም መጠበቅ።

በዚያ ሰኞ ማታ ከዒሻ በኋላ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አሊፍ ባን ገና ጀምሯል። «22 ዓመት ማለት ይሄ ልጅ 28 ዓመት ሲሞላው ማለት ነው?» አለችን። ነው አልናት። ልማዳችን ምላሳችን ላይ ነበረ፤ «ሶብር» ልንላት ነበር፤ ያዝነው። ይልቁንም ምን ማድረግ ትፈልጊያለሽ ብለን ጠየቅናት። የታሰሩት ቤተሰቦች ምን ይበላሉ አለች። እሷ ራሷ ብዙ የላትም።

በዚህ መነሻ ጀመዓው ተነጋግሮ የተስማማበት ይህ ነው። ከሚመጣው ጁሙዓ ጀምሮ ከሶላት በኋላ ለእስረኛ ቤተሰቦች የሚሆን መዋጮ በግልጽ፣ በመዝገብ፣ በሁለት ሰዎች እጅ ይሰበሰባል። የተሰበሰበው በየወሩ ለጀመዓው ይነበባል። ለጥየቃ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ስንቅም መልእክትም አብሮ ይላካል፤ መሄድ የሚችል ስሙን ለኢማሙ ያስመዝግብ። ለክረምቱ የተዘጋው የማታው ቂርኣት ሰኞ ይከፈታል፤ ትልልቆቹ ወጣቶች በተለይ እንዲመጡ እንፈልጋለን፤ የምንጀምረው ከሱረቱ ዩሱፍ ነው። ያ በ2004 ዝም ያሰኘነው ልጅ አንድ ቀን እንዲያስቀራ ጠይቀነዋል። አስብበታለሁ ብሎናል።